የኦ ክፍል መምህርት ማን አላት?

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይቆይና ዝቅ ይላል)

ዛሬ የምናወራው ልጆች ከ1ኛ ክፍል በፊት ስለሚገቡበት ስለ ኦ ክፍልና ስለ አፀደ ሕፃናት መምህራን ነው። ርዕሳነ መምህራንና የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች አብራችሁን ብትቆዩ ደስ ይለኛል። ልጃችሁን ዘንድሮ ኦ ክፍል ያስገባችሁ እናቶችና አባቶችም አትራቁ፤ ወደ መጨረሻው እናንተን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አነሳለሁ።

ሱፐርቫይዘር መጣ ሲባል ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የትምህርት ዕቅዱ ከመሳቢያ ይወጣል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል አቧራው ይራገፋል። ሕፃናቱ እጃቸውን አጣጥፈው እንዲቀመጡ ይነገራቸዋል። እንግዳው ከኋላ ወንበር ይዞ ቼክሊስቱን ይሞላል፤ ዕቅድ አላት ወይ፣ መርጃ መሣሪያ ተጠቅማለች ወይ፣ ተማሪዎችን አሳትፋለች ወይ። ጨርሶ “በርቺ” ይላታል፤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብቶ ቅጹን ያስፈርማል፤ ይሄዳል። በማግሥቱ እሷ ትናንት የምታስተምረውን ትናንት በምታስተምርበት መንገድ ትቀጥላለች። ሰውየው የታዘዘውን ሠርቷል፣ እሷም የተጠየቀችውን አሳይታለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ላሉት የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች ግን ምንም አልተለወጠም።

የሕፃናት መምህር አሠራሯን የምትለውጠው ክፍሏ ገብቶ ያየ፣ አንድ ነገር አብሯት የሞከረና ደግሞ ተመልሶ የመጣ ሰው ሲኖራት ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንን ነው። አብዛኞቹ የኦ ክፍል መምህራን ሴቶች ስለሆኑ “እሷ” እያልኩ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ያለችበትን ሁኔታ እንይ። ኦ ክፍል በአገራችን በስፋት የተከፈተው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አፀደ ሕፃናት በአብዛኛው የከተማ ልጅ፣ ያውም ወላጁ መክፈል የሚችል ልጅ ዕድል ነበር። ለገጠሩ ልጅ የነበረው የቄስ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ነው። ከማዕቀፉ በኋላ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል እየተለቀቀ ሕፃናቱ ገቡ፤ ብዙ ገቡ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የ2 ዓመት አድርጎታል። ይህ ትልቅ እመርታ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ክፍል የሚከፈትበት ፍጥነትና መምህር የሚሠለጥንበት ፍጥነት አልተመጣጠነም። በዚህም ምክንያት ለሕፃናት ሳይሠለጥኑ ከላይኛው ክፍል የተዛወሩ አሉ፤ አጭር ሥልጠና ብቻ ወስደው የገቡ ወጣቶችም አሉ።

ከሥልጠናው ማነስ በላይ የሚያሳስበኝ ብቸኝነቷ ነው። የሒሳብ መምህሩ በዲፓርትመንት የሚመክረው የሙያ ጓደኛ አለው። የኦ ክፍል መምህርት በብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ ለእናቱ ናት። መመሪያው እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያደርግ ይላል፤ አዲስ ጀማሪ ደግሞ ለ2 ዓመት አማካሪ መምህር እንዲመደብለት። ጥሩ መመሪያ ነው። ቡድኑ ሲሰበሰብ ግን የሚነሳው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ጉዳይ ይሆንና እሷ ዳር ተቀምጣ አዳምጣ ትነሳለች። እሷን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው፤ አንዱ ሕፃን ለምን ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል፣ ሌላዋ ለምን ጓደኞቿን ትነክሳለች፣ 60 ልጅ አንድ ላይ ሽንት ቤት እንዴት ይወሰዳል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

“ሥልጠና እንስጣቸው” ማለት ቀላል ነው፤ በጀትም የሚያዘው ለእሱ ነው። አዳራሽ፣ የውሎ አበል፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የምስክር ወረቀት። ይህ ብቻውን እንደማይበቃ ግን ከ40 ዓመት በፊት ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዳስረዱት፣ መምህር አንድን ዘዴ በሥልጠና ላይ ሊያውቀው፣ አልፎም በደንብ ሊያሳየው ይችላል፤ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ግን ከጎኑ ሆኖ የሚያግዘው ከሌለ ዘዴው እዚያው ይቀራል። ለምን ቢባል፣ አዲስ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከለመድነው የባሰ ሆኖ ይታያል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ሰዓት ያልቃል። ብቻዋን የሆነች መምህርት ያን ጊዜ ወደ ድሮዋ ትመለሳለች። የማትመለሰው “ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ አንድ ሳምንት ታገሺ” የሚላት ስታገኝ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ይህንን በሚገባ ፈትሻለች። በሰሜን ምዕራብ ግዛት፣ ልጆች በሴትስዋና ቋንቋ ንባብ በሚጀምሩባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ለሁለት ቡድን መምህራን አንድ ዓይነት የትምህርት ዕቅድና አንድ ዓይነት የንባብ መጻሕፍት ተሰጡ። የአንደኛው ቡድን መምህራን ተሰብስበው ሠለጠኑ። ለሁለተኛው ቡድን ክፍላቸው ድረስ እየመጣ የሚያግዝ ባለሙያ ተመደበ። ከ2 ዓመት በኋላ በሁለተኛው ቡድን ልጆች ላይ የታየው የንባብ መሻሻል በመጀመሪያው ከታየው እጥፍ ያህል ሆነ። ለውጡን ያመጣው ምን እንደሆነ ሲታይ ደግሞ፣ ልዩነቱ ከሁሉም የሚከብደው ሥራ ላይ ነው ጎልቶ የተገኘው፦ ልጆችን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ ማስነበብ። ያንን ወረቀት ላይ አንብቦ መሥራት አይቻልም፤ አንድ ሰው አጠገብ ሆኖ ሊያሳይ ይገባል። ጥናቱ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ነው፤ ለኦ ክፍል ግን ይበልጥ ይሠራል እላለሁ፣ ምክንያቱም ኦ ክፍል ውስጥ ከመጽሐፍ የሚገኘው ትንሽ፣ ከመምህርቷ አያያዝ የሚገኘው ብዙ ነው።

እስቲ አሁን አንድ ውይይት እናዳምጥ። ለዛሬው ዝግጅት ያሰናዳነው ምሳሌ ነው። አንዲት የ1ኛ ክፍል መምህርት፣ ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ የኦ ክፍሏን ወጣት መምህርት ክፍል ገብተው 20 ደቂቃ አይተዋል። አሁን የሻይ ሰዓት ነው።

(የሕፃናት ጨዋታ ድምፅ ከሩቅ)

ትልቋ፦ የጦጣዋን ተረት ስትነግሪያቸው ዐይናቸው ካንቺ ላይ አልተነቀለም። ያ በር አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ እንኳ አፉን ከፍቶ ነበር።

ወጣቷ፦ ተረት ይወዳሉ እትዬ። ጥያቄ ስጠይቃቸው ነው ችግሩ። ጭጭ ይላሉ። ሁልጊዜ የሚመልሱት እነዚያው ሦስቱ ናቸው።

ትልቋ፦ እኔም እሱን ስከታተል ነበር። 9 ጥያቄ ጠየቅሽ። ስንቱን ራስሽ የመለስሽ ይመስልሻል?

ወጣቷ፦ እኔ? ምናልባት ሁለት፣ ሦስት።

ትልቋ፦ ይኸው ማስታወሻዬ ላይ አለልሽ፤ 7ቱን።

ወጣቷ፦ ሰባቱን! (ቆም ትላለች) ዝም ካልኩኝ ክፍሉ የሚረበሽብኝ ይመስለኛል እትዬ።

ትልቋ፦ እውነትሽን ነው፤ ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ዝም ማለት ያስፈራል። ሁሉንም ጥያቄ ተዪውና ነገ አንዷን ብቻ እንምረጥ። ጦጣዋ ለምን ከዛፍ አልወርድም አለች የምትለዋን። ጠይቂና በልብሽ እስከ 3 ቁጠሪ፤ ከዚያ በፊት አፍሽን አትክፈቺ።

ወጣቷ፦ ከዚያ በኋላም ዝም ካሉስ?

ትልቋ፦ “አጠገባችሁ ላለው ጓደኛችሁ ንገሩት” በያቸው። ለክፍል መናገር የሚያፍር ልጅ ለጓደኛው አያፍርም። ነገ ከእረፍት በኋላ ልጆቼን የ2ኛ ክፍሏ ታይልኛለች፣ ተነጋግረናል። መጥቼ አብሬሽ እሆናለሁ። ከፈለግሽ መጀመሪያ እኔ ልጠይቃቸውና አንቺ ቁጠሪልኝ።

ወጣቷ፦ እሱ ይሻለኛል እትዬ። መጀመሪያ እርስዎን ልይ።

(ድምፁ ይርቃል)

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ነገር አለበትና።

እኒህ መምህርት “አታሳትፊያቸውም” አላሉም። ቆጥረው ቁጥሩን አሳዩ። “ተሳትፎ ደካማ ነው” የተባለ ሰው ራሱን ይከላከላል፤ ልጆቹን፣ የክፍሉን ጥበት፣ ወላጆችን ይወቅሳል። “ከ9ኙ 7ቱን ራስሽ መለስሽ” የተባለ ሰው ግን የሚከራከርበት የለም፤ ወደ ገዛ ሥራው ይመለከታል። ስለዚህ ደጋፊ ሆናችሁ ክፍል ስትገቡ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ። ስንት ልጅ ተናገረ? መምህርቷ በስም የጠራቻቸው እነማንን ነው? ሥራ ፈትተው የተቀመጡት ለስንት ደቂቃ ነው? ፍርዱን ለራሷ ተዉላት።

ሦስት የመቁጠሩም ነገር ከየትም የመጣ አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመምህራንን ትምህርት በቴፕ ቀርጻ ስታዳምጥ፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል የልጆች መልስ ረዘመ፤ ሳይጠሩ የሚናገሩ በረከቱ፤ መልስ አጥቶ ዝም ማለት ቀነሰ። የ5 ዓመት ልጅ ሐሳቡን ወደ ቃል ለማምጣት ከእኛ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ሌላ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

ከሁሉ በላይ ግን ቀጠሮው ነው። ነገ፣ ከእረፍት በኋላ፣ ክፍላቸውን ማን እንደሚያይላቸው ጭምር ተነጋግረው መጥተዋል። አንድ ነገር፣ በቅርብ ቀን። ሱፐርቫይዘሮቻችን በአንድ ጉብኝት ብዙ አስተያየት ጽፈው ይሄዳሉ። መምህርቷ ከዚያ ውስጥ የቱን ትያዝ? አንዱን ይዛ ብትሠራበት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሷ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል።

ደጋፊው ራሱ ልጆቹ ፊት ቆሞ ማሳየትም አለበት። ሠርቶ የማያሳይ ደጋፊ እምነት አያገኝም። ፊደልን እንውሰድ። በብዙ ኦ ክፍል ሕፃናቱ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርዱታል፤ ለሰሚ ደስ ይላል፣ ሱፐርቫይዘሩም ያጨበጭባል። መሐል ላይ “ነ”ን አሳየኝ ሲባል ግን ልጁ ከ“ሀ” ጀምሮ እየዘመረ ይደርስበታል። የያዘው ቅደም ተከተሉን እንጂ ፊደሉን አይደለም። የኔታ ይህንን ከጥንት ያውቁት ነበር። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚቆጠረው፣ የለመደው ቅደም ተከተል ተሰብሮ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንዲለይ ነው። በዕድሜ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ትንሹን ያስቆጥር እንደነበረም አንርሳ። ከአባቶቻችን የሥራ ጥበብ ውስጥ ይህን የመሰለውን እየተውን ጩኸቱን ብቻ መውረሳችን ያሳዝነኛል። ደጋፊ መምህር ፊደሎቹን በካርቶን ቆርጦ መሬት ላይ ይበትናል፤ ልጆቹን የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ፈልጉ ይላቸዋል። መምህርቷ ዳር ቆማ ማን ቶሎ እንዳገኘ፣ ማን እንደተቸገረ ትመዘግባለች። ወጪው አንድ ባዶ ካርቶን ነው።

አርጩሜውስ? ደጋፊ ክፍል ሲገባ ጠረጴዛ ላይ አርጩሜ ሊያይ ይችላል። ልጅ መምታት በሕግም በሙያም የተከለከለ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ነገር ግን “አትምቺ” ብቻ ብሎ የሄደ ሰው ለመምህርቷ ባዶ እጅ ነው የተወላት። ግርግሩ የሚነሳበትን ሰዓት አብራችሁ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚረበሹት ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ነው፤ ከምንጣፍ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ክፍል። ለመሻገሪያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መዝሙር ይኑር። ውኃ የሚያድል፣ በር የሚይዝ፣ ጠጠርና ቆርኪ የሚሰበስብ ልጅ በየቀኑ ይመደብ። በጣም የሚያስቸግረው ልጅ መጀመሪያ ይመደብ። አርጩሜው ሥራ ሲያጣ ከጠረጴዛው ላይ ይነሳል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ይህን ሁሉ ማን ይሥራው? አንድ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር በርካታ ትምህርት ቤቶች አሉት፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሞተር ቢኖር ነዳጅ የለም። ሪፖርቱም ይጠበቅበታል። በወረዳዎቻችን “ድጋፍና ክትትል” እየተባለ አንድ ላይ ይጻፋል፤ በተግባር ግን ክትትሉ ድጋፉን ይውጠዋል። ለመምህርት የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላ ሰው በዚያው ቀን ምስጢሯን ሊሰማ አይችልም። “ይሄ ያቅተኛል” ብላ ለነጥብ ሰጪዋ የምትናገር መምህርት የለችም፤ ብትናገር ራሷን ትጎዳለች። ስለዚህ የሁለቱ ሰው ይለይ። ነጥቡን ርዕሰ መምህሩ ይሙላ። የሚያግዛት ሰው ማስታወሻ ግን ለማንም አይታይ፤ የሷና የእሱ ብቻ ይሁን።

በእኔ እምነት የተሻለው ደጋፊ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፤ ጥሩ የ1ኛ ክፍል መምህርት። የኦ ክፍል ልጆች በሚቀጥለው ዓመት ወደ እሷ ነው የሚገቡት፤ ስለዚህ ጉዳዩ የራሷም ነው። ርዕሰ መምህር ማድረግ ያለበት ጊዜ መስጠት ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ከፕሮግራሟ ላይ ይነሳላት፤ በክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡ ላይም በጽሑፍ ይግባ። “ሲመቻችሁ ተያዩ” የተባለ ነገር አይመችም። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ በጉድኝት ማዕከሉ የኦ ክፍል መምህራንን ብቻቸውን በወር አንድ ጊዜ ቢያገናኝ፣ አንድ ለእናቷ የነበረችው እህቶች ታገኛለች።

ስልክና ቴሌግራምስ? ይረዳል፤ ሩቅ ላለችው በድምፅ መልእክት ማበርታት ከምንም ይሻላል። እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ ምፑማላንጋ ግዛት ውስጥ በአካል የሚደረገው እገዛና በታብሌትና በስልክ የሚደረገው ለ3 ዓመት ጎን ለጎን ተሞክረው ነበር። በአካል የሚመጣው በልጧል፣ በተለይ በንባብ። መምህርቷ በስልክ የምትነግራችሁ ራሷ ያየችውን ነው፤ ያላየችውን ልትነግራችሁ አትችልም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት 60 የምርምር ሥራዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ እንዲህ ያለው እገዛ የመምህራንን አሠራር በእጅጉ፣ የልጆችን ውጤትም በተወሰነ ደረጃ እንደሚያሻሽል አረጋግጧል። ነገር ግን ፕሮግራሙ እየሰፋ ወደ ብዙ መምህራን ሲደርስ ውጤቱ እየሳሳ ይመጣል። ለክልልና ለወረዳ ኃላፊዎች ይህንን በአክብሮት አሳስባለሁ፤ በአንድ ዓመት ሁሉንም ትምህርት ቤት እናዳርስ ብላችሁ ደጋፊዎችን እንደገና ቅጽ ሞይ አታድርጓቸው። በጥቂት ጉድኝት ጀምሩ፤ ደጋፊዎቹን ራሳቸውን የሚደግፍ ይኑር።

ቃል በገባሁት መሠረት አሁን ወደ ወላጆች ልምጣ። ጋና ውስጥ በታላቋ አክራ አካባቢ 240 ትምህርት ቤቶችን የያዘ ጥናት ተደርጎ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2015ና በ2016 መካከል። የሕፃናት መምህራን በጨዋታ ስለማስተማር ሠለጠኑ፤ የወረዳ ባለሙያዎች ክፍላቸው እየመጡ አገዟቸው። ውጤቱ ጥሩ ነበር። ክፍሎቹ ሞቅ አሉ፤ ልጆቹ ለትምህርት ያላቸው ዝግጁነት ጨመረ፤ ከመምህራኑም ሥራ የሚለቀው ቁጥር ቀነሰ። ይህ የመጨረሻው በጣም ያስደስተኛል፤ የሚያያት ሰው ያላት መምህርት ሥራዋን አትጠላም። ሌላኛው ቡድን ያንኑ ሥልጠናና እገዛ አገኘ፤ በተጨማሪ ለወላጆች በስብሰባ ስለ ጨዋታ ትምህርት በቪዲዮ ማብራሪያ ተሰጠ። የሁሉም ግምት ይህኛው ይበልጣል የሚል ነበር። በተቃራኒው፣ በልጆቹ ላይ የታየው መሻሻል ጠፋ።

ይህን ውጤት ሳስብ የእኛን አገር ወላጅ አያለሁ። ልጁ ማታ ሲመጣ ደብተሩን ይከፍታል። ባዶ ነው። “ዛሬ ምን ተማርክ?” “ተጫወትን።” አባት በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄዶ መምህርቷን ይጠይቃታል፤ እሷም ተሸማቅቃ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ትጀምራለች። አንድ ወር የታገዘችበት በአንድ ቀን ይፈርሳል። ወላጅን ሰብስቦ “ጨዋታ ጥሩ ነው” ማለት ይህንን አያስተካክለውም። አባትዬው ልጁ እንዲያልፍለት ነው የሚጨነቀው፤ ጭንቀቱ መከበር አለበት።

ስለዚህ ወላጆች ክፍል ገብተው ይዩ። ደጋፊዋ መምህርት ባለችበት ቀን አምስት ስድስት ወላጆች ይጠሩ፤ ከልጆቻቸው ጎን መሬት ላይ ይቀመጡ። ልጁ 8 ቆርኪ ለ4 ጓደኞቹ እኩል ሲያካፍል ይዩት። ከዚያ መምህርቷ ራሷ ይህ ጨዋታ ነገ ማካፈል የሚባለው ሒሳብ እንደሆነ ታስረዳ። እናንተም ወላጆች ማታ “ምን ጻፍክ?” በማለት ፈንታ “ዛሬ ቲቸር ምን ጠየቀችህ? አንተስ ምን አልካት?” ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ለመስማትም እስከ 3 ቁጠሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት በጠጠር፣ በቆርኪና በበቆሎ ቆረቆንዳ የቁጥር ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ ከመምህራን ጋር እንወያያለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)